ከሚሴ ላይ «ቶች ቤዝ» ሲባል

ከሚሴ ውስጥ አንድ ሰው ገና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሦስት ቋንቋ ሊናገር ይችላል። ከቤቱ ኦሮምኛ እየተናገረ ይወጣል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈውን ሹፌር በአማርኛ ያናግራል፤ ሰላምታውንና ምርቃቱን ዐረብኛ ያጣፍጥለታል። ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ ከወረደ አፋርኛ ይጨመርበታል። ወደ ሾንኬ ከወጣም አርጎብኛ ይሰማል። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ መሻገር ማንም ቁጭ ብሎ የሚማረው ነገር አይደለም፤ ከልጅነት ጀምሮ አብሮ የሚያድግ ነው።

እንግሊዝኛ ግን በዚህ በር አልገባም። ገበያ ላይ አይከራከሩበትም፤ ሠርግ አይደግሱበትም። መጀመሪያ የሚገኘው በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ በቢሮ ውስጥ። ችግሩ የመጽሐፉና የቢሮው እንግሊዝኛ አለመተዋወቃቸው ነው።

እንበልና በአንድ የልማት ድርጅት የከሚሴ ቅርንጫፍ የተቀጠረ ወጣት ባለሙያ ጠዋት ኢሜይሉን ከፈተ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው መልእክት ሦስት መስመር ነው። መጀመሪያ «ሌትስ ቶች ቤዝ ቢፎር ፍራይዴይ» ይላል፤ ቀጥሎ «ጀስት ኤ ቦልፓርክ ፊገር» ይልና «ዘ ቦል ኢዝ ኢን ዩር ኮርት» ብሎ ይዘጋል። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል፤ ቃላቱን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። ቶች መንካት ነው፣ ቤዝ መሠረት፣ ኮርት ፍርድ ቤት። ሲገጣጠሙ ግን አንድ መሠረት ተነክቶ ኳስ ፍርድ ቤት ሊገባ ነው። ላኪው የፈለገው እጅግ ቀላል ነገር ነበር፦ ከዓርብ በፊት በስልክ እንነጋገር፣ ለጊዜው ግምታዊ ቁጥር ይበቃል፣ ቀጣዩን ሥራ የምንጠብቀው ከእናንተ ነው።

እነዚህ ሦስት አባባሎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ሁሉም የመጡት ከጨዋታ ሜዳ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የቤዝቦል ናቸው። በቤዝቦል ሯጩ «ቤዝ» የሚባሉትን ምልክቶች እየነካ ማለፍ አለበት፤ ቦልፓርክም የቤዝቦል ስታዲየም ነው። ሦስተኛው የሜዳ ቴኒስ ነው፤ ኳሱ መረቡን አልፎ ወደ አንዱ ሜዳ ከገባ መምታት ያለበት የዚያ ሜዳ ተጫዋች ነው። ቤዝቦል አይቶ ለማያውቅ ሰው አባባሉ ቢያደናግረው አይገርምም። ክሪኬት ደግሞ ይብሳል። እንግሊዞች አንድ ሰው ተገፍቶ ወደ መከላከል ሲገባ «ኦን ዘ ባክ ፉት» ይላሉ፤ አጣብቂኝ ውስጥ ሲገቡም «ስቲኪ ዊኬት» ላይ ነን ይላሉ። ሁለቱንም በቃል ከማጥናት በቀር መላ የለም።

በእግር ኳስ ላይ ግን የከሚሴ ወጣት ከማንም አያንስም። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ለዓመታት የተከታተለ ሰው «ኦውን ጎል» ሲባል የሚያስተረጉም አይፈልግም፤ በገዛ ራስ ላይ ማስቆጠር ነው፣ በቢሮም ትርጉሙ ያው ነው። ሥራው ከተጀመረ በኋላ መስፈርቱን የሚቀያይር አለቃ ሲያጋጥመው «ሙቪንግ ዘ ጎልፖስትስ» የሚለው ወዲያው ይገባዋል፤ ጎሉን እየነቀሉ ወደ ሌላ ቦታ መትከል ነውና። የፕሮጀክት መክፈቻ ስብሰባ «ኪክኦፍ ሚቲንግ» ይባላል። በጨረታ ሰነድ ላይ የሚገኘው «ሌቭል ፕሌይንግ ፊልድ» ደግሞ ሜዳው ለሁሉም እኩል የተደለደለ ይሁን ማለት ነው። እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ከዚህ ቢጀምር ግማሹን መንገድ ተማሪው ራሱ ይሄድለት ነበር።

ጭራሽ እንግዳ መሆናቸው የተረሳ ቃላትም አሉ። «ዴድላይን» የሚለውን ቃል ዛሬ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ሳይቀር ሁሉም ይለዋል፤ የሪፖርት ዴድላይን፣ የምዝገባ ዴድላይን እየተባለ። ቃሉ የመጣው ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እስር ቤቶች ነው። በጣም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1864 በጆርጂያ ግዛት በአንደርሰንቪል የነበረው ነው፤ በግቢው ውስጥ የተከለለውን መስመር ያለፈ እስረኛ በዘበኛ ጥይት ይመታ ነበር። በኋላ ጋዜጠኞች ለኅትመት ሰዓታቸው ተጠቀሙበት። የእኛ ቢሮዎች ቃሉን ሲወርሱ ዘበኛውን አልወረሱም፤ ሪፖርት ከዴድላይን በኋላም ሲደርስ ይኖራል።

ትምህርት ቤት ይህንን የቢሮ እንግሊዝኛ ያላስተማረው በስንፍና አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲጠና፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። በዞኑ ልጆች በኦሮምኛ ይማራሉ፤ የሚጽፉት በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ሲመጣ ፊደሉ አዲስ አይሆንባቸውም። ይህ ጥቅም አለው፤ ጣጣም አለው። ቁቤ የእንግሊዝኛውን «ሲ» ለ«ጭ»፣ «ኤክስ»ን ለ«ጥ»፣ «ኪው»ን ለ«ቅ» ድምፅ መድቧቸዋልና፣ አንዱን ፊደል በሁለት ልማድ ማንበብ ግድ ነው። ልጆቹ ይህን ሳይደናበሩ ይወጡታል፤ የሚደነቅላቸው ግን ጥቂት ነው።

የሚጎድለው ሌላ ነው። ተማሪው እስከ 12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሲፈተን የሚፈተነው በምርጫ ጥያቄ ነው። በብሔራዊ ፈተናው ላይ የሁለት ሰዎች ምልልስ ይቀርብና ከ«ኤ» እስከ «ዲ» ካሉት አንዱን አጥቁር ይባላል። ተማሪው ትክክለኛውን መልስ ሲያይ ያውቀዋል። የሥራ ስብሰባ ላይ ግን አራት አማራጭ ደርድሮ የሚጠብቀው ሰው የለም።

ሥራ ቋንቋን እንዴት እንደሚያስተምር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዚህ አካባቢ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤ አገሮች ለቤት ሠራተኝነት የሄዱ ሴቶች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የቃላት ዝርዝር አልያዙም፤ ሰዋስው አልቆጠሩም። ማዳሟ የምትለውን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ከድርጊቱ ጋር አንድ ላይ ያዙ፦ ሻይ ሲቀርብ ምን እንደሚባል፣ እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚባል፣ ሲቆጡ ምን እንደሚባል። በጥቂት ወራት ውስጥ ቤት የሚያስተዳድር ዐረብኛ ይኖራቸዋል። የሥራ አባባል የሚያዘው እንደዚህ ነው፤ ቃሉ ከቦታው፣ ከሰዓቱና ከተናጋሪው ፊት ጋር ሳይነጣጠል። አምስት መቶ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ከነትርጉሙ የተደረደረበት መጽሐፍ በእጁ ይዞ ስብሰባ ላይ አንዱም የማይመጣለት ሰው የጎደለው ትጋት አይደለም፤ ፈሊጦቹን ያገኛቸው ሥራ ፈትተው ነው።

ችግሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻም አይመጣም። እኛም የራሳችንን አባባል እንግሊዝኛ አልብሰን እንልካለን። ከቢሮ ሲወጣ «መጣሁ» የሚል ኢትዮጵያዊ ያንኑ በእንግሊዝኛ «አይ አም ካሚንግ» ይልና በሩን ዘግቶ ይሄዳል፤ የውጭው ባልደረባ ግራ ገብቶት ይቀራል። የሚባለው «አይል ቢ ራይት ባክ» ነበር። «ፕሮግራም አለኝ» የምንለውን እንዳለ ስናሻግረው ሰሚው ቴሌቪዥን የምናዘጋጅ ይመስለዋል። «እሺ» ስንል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ ማለታችን ነው፤ እነሱ ግን ተስማምተናል ብለው ይመዘግቡታል። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ» ስንላቸው የደነገጥን የሚመስላቸውም አሉ።

ከሁሉ የሚያስከፍለው ግን «እስከ» ነው። «ሪፖርቱን እስከ ዓርብ እልካለሁ» የሚለው በእንግሊዝኛ «አንቲል ፍራይዴይ» ተብሎ ሲጻፍ ትርጉሙ ይበላሻል፤ እስከ ዓርብ ድረስ ስልክ፣ ስልክ እከርማለሁ እንደማለት ነው። ትክክለኛው «ባይ ፍራይዴይ» ነው። የሰዓቱ ጉዳይም አለ። «ባይ ፍራይዴይ ኑን» የሚል መልእክት የሚጠይቀው ዓርብ በእኛ 6 ሰዓት ላይ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዓርብ ምሳ ሰዓት ደግሞ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው፤ ከሚሴ ላይ በዚያን ሰዓት ሰው ጁምዓ ነው። «ክሎዝ ኦፍ ቢዝነስ» ማለት የሥራ ሰዓት መዝጊያ ነው፤ የማን ሰዓት እንደሆነ ግን አባባሉ አይናገርም። ላኪው ዋሽንግተን ከሆነ የእሱ መዝጊያ ለከሚሴው ሰው እኩለ ሌሊት ግድም ይሆናል።

እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰውም ቢሆን በአባባል ይጠፋፋል። የታወቀው ምሳሌ የኮሪያ ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1951 በኢምጂን ወንዝ አካባቢ የብሪታንያው የግሎስተር ሻለቃ በቻይና ጦር ተከበበ። የብርጌዱ አዛዥ ብርጋዴር ብሮዲ ለበላያቸው ለአሜሪካዊው ጄኔራል ሶል በሬዲዮ ያሉት ነገሩ «ትንሽ አስቸጋሪ» ነው የሚል ነበር ይባላል። በእንግሊዝ መኮንን አፍ ይህ ማለት አለቅን ማለት ነው። አሜሪካዊው ግን እንደተነገራቸው ወሰዱት፤ ሁኔታው ከበድ ያለ ቢሆንም የሚያዝ ነው ብለው ተረዱ፤ ቶሎ የማፈግፈግ ትእዛዝም አልሰጡም። ከሻለቃው አብዛኛው ሞተ ወይም ተማረከ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ፑሳን ወደብ ደረሰና ከአሜሪካኖች ጋር ተሰለፈ። አስተርጓሚ ይዞ የሚሄድ ጦር ቢያንስ አንድ ነገር ይጠቀማል፤ የተባለውን ደግሞ ይጠይቃል።

ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፉት መጽሐፍም ተመሳሳይ ነገር አለ። የእንግሊዝ መኮንኖች አንድ ሰነድ በአስቸኳይ እንዲታይ ፈልገው «ቴብል እናድርገው» አሉ። ለእንግሊዝ ይህ ጉዳዩ ጠረጴዛው ላይ ይቅረብ ማለት ነው፤ ለአሜሪካ ደግሞ ይቆይ፣ ወደ ጎን ይባል ማለት ነው። ሁለቱ ወገኖች አንድ ሐሳብ ይዘው ረጅም ሰዓት ተጨቃጨቁ። ስብሰባ ላይ ይህ ቃል ሲነሳ የትኛውን ማለትዎ ነው ብሎ መጠየቅ አላዋቂነት አይደለም።

ደግሞም በዚህ አካባቢ እንግሊዝኛ የሚነገረው ከእንግሊዞች ጋር ብቻ አይደለም። ከከሚሴ ወደ ሰሜን ሲሄዱ የምትገኘው ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርኳን ያስመረቀችው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው፤ ፓርኩን የገነባው የቻይና ኩባንያ ሲሆን ከኮሪያና ከጣሊያን የመጡ የጨርቃ ጨርቅና የልብስ አምራቾች ገብተውበታል። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀውን የባቡር መስመር የሠራው የቱርክ ኩባንያ ነው። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ቻይናዊው፣ ቱርኩና የወሎው ልጅ ሲነጋገሩ እንግሊዝኛ ለማናቸውም የእናት ቋንቋ አይደለም። እዚያ መሃል «ቶች ቤዝ» የሚል ሰው ቢነሳ ማንም አይሰማውም። የቪየናዋ የቋንቋ ምሁር ባርባራ ሳይድልሆፈር እንግሊዝኛ ለብዙ ሕዝቦች መገናኛ ሲሆን ስለሚፈጠረው ነገር ባደረጉት ጥናት ይህን ነጥብ አንስተዋል፤ መግባባትን ከሚያሰናክሉት ነገሮች አንዱ የሰዋስው ስሕተት ሳይሆን አንዱ ወገን ብቻ የሚያውቀው ፈሊጥ ነው ይላሉ። «ሺ ጎ» ያለ ሰው ይገባል፤ ፈሊጥ የደረደረው ላይገባ ይችላል።

የአቪዬሽን ዓለም ደግሞ ጉዳዩን በደንብ ዘግቶታል። አብራሪና የማማ ተቆጣጣሪ የሚነጋገሩት ቀድሞ በተወሰነ ቃል ነው፤ ፈሊጥ ቦታ የለውም። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ በረራ የሚሠራ አብራሪ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባወጣው ስድስት ደረጃ ባለው መለኪያ ቢያንስ አራተኛውን ማሟላት አለበት። ለዚህ ካበቁት አደጋዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1990 ኒውዮርክ አጠገብ የወደቀው የኮሎምቢያው አቪያንካ አውሮፕላን ነው። ረዳት አብራሪው ነዳጃችን እያለቀ ነው፣ ቅድሚያ ይሰጠን ብለው ነበር፤ በሙያው የተደነገገውን የአስቸኳይ አደጋ ቃል ግን አላሉም። ተቆጣጣሪዎቹ ነገሩ ያን ያህል የከፋ አልመሰላቸውም። 73 ሰዎች ሞቱ።

ታዲያ የከሚሴው ባለሙያ ፈሊጥ አይማር? ይማር፤ ነገር ግን ጆሮው ከአፉ ይቅደም። ብዙ ማወቅና ጥቂት መናገር ነው የሚበጀው። ሲነገር የሚገባው ሁለት መቶ፣ ራሱ የሚናገረው ደግሞ አሥር ቢሆን በቂ ነው። አንዳንድ አሠልጣኞች ተማሪያቸውን «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» እያስባሉ ያደክማሉ፤ ዝናብ ድመትና ውሻ ሆኖ ወረደ የሚለውን ይህን አባባል ግን ዛሬ እንግሊዞች ራሳቸው በቢሮ ውስጥ ብዙም አይሉትም። ቢሮ የሚፈልገው እንዲህ የማያብለጨልጭ ነገር ነው።

በተለይ የአክብሮት አነጋገር። አማርኛ አክብሮትን የሚያኖረው ግሡ ውስጥ ነው፤ «ላክ» እና «ይላኩልኝ» መካከል ያለውን ርቀት ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ኦሮምኛም «ኢሲን» ብሎ ያከብራል። ዛሬ የሚነገረው እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ ሁሉም «ዩ» ነው። ስለዚህ አክብሮቱን ወደ ሌላ ቦታ ወስዶ በዙሪያ ጥምጥም አነጋገር ውስጥ ያኖረዋል፦ «ኩድ ዩ ፕሊዝ ሴንድ»፣ «ውድ ኢት ቢ ፖሲብል»። ይህን የማያውቅ ትሑት ሰው «ሴንድ ሚ ዘ ሪፖርት» ብሎ ይጽፍና ባላሰበው መንገድ አዛዥ ይሆናል። «አይ አም አፍሬድ» ያለው ሰው ደግሞ አልፈራም፤ ያዝናል፣ የማይመች ነገር ሊናገር ነው። «ዊዝ ሪስፔክት» ብሎ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ሊቃወም ነው። «አይል ሉክ ኢንቱ ኢት» የሚለውም እንደ እኛው «እስኪ እናያለን» አንዳንዴ ሥራ ነው፣ አንዳንዴ መሸኛ ነው። ለዚህ ጆሮ ሰምና ወርቅ ሲሰማ ያደገ ሰው አያንስም።

መማሪያው ሞልቷል፤ ብዙውም በነጻ ነው። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1959 «ስፔሻል ኢንግሊሽ» የተባለውን ዝግጅት ሲጀምር 1500 ያህል ቃላት ብቻ መርጦ፣ ቀስ ብሎ እያነበበ፣ ከፈሊጥ እየራቀ ነበር። ፈሊጡን ደግሞ «ወርድስ ኤንድ ዜር ስቶሪስ» በሚል ለብቻው ክፍል ከነታሪኩ ያስረዳ ነበር፤ ሁለቱን መለየቱ ብልህነት ነው። የቢቢሲ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ክፍልም «ኢንግሊሽ አት ወርክ» የተባለ የቢሮ ተከታታይ ድራማ አለው፤ አባባሎቹ ከነድርጊታቸው ይሰማሉ። ዋይፋይ ባለበት አውርዶ በሌላ ሰዓት መስማት ይቻላል።

ራስን በራስ ቋንቋ ማጠንከርም ይረዳል። ዶክተር አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ «የአማርኛ ፈሊጦች» የተባለውን መጽሐፍ በጋራ አዘጋጅተዋል። አምሳሉ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ናቸው። ዳኛቸው ደግሞ «አደፍርስ»ን በአማርኛ፣ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን»ን በእንግሊዝኛ የጻፉ ደራሲ ናቸው። ሁለቱም እንግሊዝኛን በደንብ የያዙ ሰዎች የአማርኛን ፈሊጥ ለመሰብሰብ ጊዜ ሰጡ። የራሱ ቋንቋ ፈሊጥ እንዴት እንደሚሠራ ያስተዋለ ሰው የሌላውን ሲሰማ ቃል በቃል ለመተርጎም አይቸኩልም።

በከሚሴ፣ በባቲ፣ በሰንበቴ ቢሮ ለሚሠሩ አንባቢዎች አንድ ተግባራዊ ምክር አለ። ያልገባዎት አባባል በኢሜይል ሲመጣ ዝም ብለው አይለፉት፤ እንደገባዎት አድርገውም አይመልሱ። «ጀስት ቱ ኮንፈርም» ብለው ይጀምሩና የተረዱትን በቀላል ቃል መልሰው ይጻፉ፦ ማን፣ ምን፣ በስንተኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት። ቀኑን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ያስፍሩ፤ ሰዓቱም የኢትዮጵያ ይሁን የፈረንጅ ለይተው ይጻፉት።